ፉሊ ፈንድድ ሲባል ገንዘቡ የማን ነው? በዳታ ሳይንስ የዶክትሬት ዕድሎች ላይ የተሰጠ ንግግር

ጤና ይስጥልኝ።

ዶክትሬት መማር የሚያስብ ሰው ፍለጋውን የሚጀምረው አብዛኛውን ጊዜ «ፉሊ ፈንድድ ስኮላርሺፕ» (ወጪው ሙሉ በሙሉ የሚሸፈን የትምህርት ዕድል) ብሎ በመጻፍ ነው። የሚወጣለትም ረጅም ዝርዝር ነው፤ ጊዜው ያለፈበት፣ ማስተርስን ብቻ የሚመለከት፣ ከገጽ ወደ ገጽ ሲገለበጥ ዋናው መስፈርት ተቆርጦ የቀረበት። በዳታ ሳይንስ ለዶክትሬት የሚወጣው ገንዘብ ግን በአብዛኛው ስኮላርሺፕ በሚል ስም አይጠራም። አንዳንዱ የሥራ ማስታወቂያ ሆኖ ይወጣል። አንዳንዱ በአንድ ፕሮፌሰር የፕሮጀክት በጀት ውስጥ ተቀምጦ ሰው ይጠብቃል። አንዳንዱ ደግሞ ከመግቢያ ደብዳቤው ጋር፣ ማንም ለብቻው ሳይጠይቀው፣ አብሮ ይመጣል። ስለዚህ ዛሬ የምንዞረው በአንድ ጥያቄ ዙሪያ ነው፦ ገንዘቡ የማን ነው? ይህን ያወቀ ሰው ለማን እንደሚጽፍ፣ መቼ እንደሚያመለክት፣ ገንዘቡ በምን ምክንያት ሊቋረጥ እንደሚችልም ያውቃል።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። «ዳታ ሳይንስ» የሚል ስም ያለው የዶክትሬት ፕሮግራም ጥቂት ነው፤ ያሉትም አዲስ ናቸው። የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ የዳታ ሳይንስ ማዕከል የዶክትሬት ፕሮግራሙን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። ሥራው ራሱ ግን በስታቲስቲክስ፣ በኮምፒውተር ሳይንስ፣ በባዮስታቲስቲክስ፣ በኤፒዲሚዮሎጂ፣ በኦፕሬሽንስ ሪሰርች፣ በጂኦግራፊ፣ በኢኮኖሚክስ ክፍሎች ውስጥ ተበትኖ ይገኛል። ፍለጋውን በስሙ ብቻ የሚያጠብ ሰው ብዙውን ዕድል ሳያየው ያልፋል። የባዮስታቲስቲክስ ክፍሎች በተለይ ሒሳቡ ጠንካራ የሆነን አመልካች ይፈልጋሉ፤ የኮምፒውተር ሳይንስ ክፍሎችን ያህል ግፊያ የለባቸውም፣ የሚሠራው የማሽን ለርኒንግ (ኮምፒውተር ከመረጃ እንዲማር የማድረግ) ምርምርም ከዚያ አያንስም።

ከፋዩ ማን ነው

በአሜሪካ ተማሪውን የሚቀበለው በአብዛኛው የትምህርት ክፍሉ ነው። ከመጀመሪያ ዲግሪ በቀጥታ መግባት ይቻላል፤ ትምህርቱ 5 ወይም 6 ዓመት ይፈጃል። የትምህርት ክፍያው ይሰረዛል፣ የኑሮ አበል ይከፈላል፣ የጤና መድን ይገባል። በምትኩ ተማሪው የማስተማር ረዳት ወይም የምርምር ረዳት ይሆናል፤ ዕድል የቀናው ደግሞ ፌሎሺፕ፣ ማለትም የረዳትነት ሥራ የማይጠየቅበት ገንዘብ፣ ያገኛል። የረዳትነቱ ሥራ እንደ ደንቡ በሳምንት እስከ 20 ሰዓት ነው። የማስተማር ረዳትነት ገንዘብ የክፍሉ ስለሆነ አማካሪ ብትቀይሩም አብሯችሁ ይቆያል፤ ጉዳቱ ፈተና ማረምና የላቦራቶሪ ክፍለ ጊዜ መምራት የምርምር ሰዓት መብላቱ ነው። የምርምር ረዳትነት ገንዘብ ከፕሮፌሰሩ ግራንት፣ ማለትም ለምርምሩ ከተሰጠው ገንዘብ፣ ይወጣል። የምትከፈሉበት ሥራና የመመረቂያ ጽሑፋችሁ አንድ ከሆኑ ከዚህ የተሻለ የለም፤ ግራንቱ ሲያልቅ ግን አበሉም ያልቃል። እ.ኤ.አ. በ2025 የአሜሪካ ፌዴራል የምርምር ገንዘብ ሲቀነስና ሲሰረዝ በርካታ ፕሮግራሞች የሚቀበሉትን ተማሪ ቁጥር የቀነሱት ለዚህ ነው። ለክፍሉ «ግራንቱ ቢቋረጥ የማስተማር ረዳትነት ዋስትና አለ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም።

ወደ አውሮፓ ስንሻገር ነገሩ ይገለበጣል። በኔዘርላንድስ፣ በስዊድን፣ በዴንማርክና በአብዛኛው የጀርመን ክፍል የዶክትሬት ተማሪ ማለት ደመወዝ የሚከፈለው ተቀጣሪ ነው። የማስተርስ ዲግሪ እንደ መግቢያ ይጠየቃል፤ ቦታው የሚወጣው እንደ ማንኛውም የሥራ ማስታወቂያ ነው፤ ዓመቱን ሙሉም ይወጣል። በኔዘርላንድስ ውሉ ባብዛኛው 4 ዓመት ሲሆን በመጀመሪያው ዓመት መጨረሻ «ይቀጥል ወይስ ይቁም» የሚል ግምገማ አለ። ማስታወቂያዎቹ አካዳሚክ ትራንስፈር በሚባለው ድረ ገጽ ይሰበሰባሉ። በስዊድን የዶክትሬት ትምህርት ክፍያ የለውም፤ ጥናቱ የ4 ዓመት የሙሉ ጊዜ ሥራ ነው፤ እስከ 20 በመቶ የማስተማር ሥራ ከተጨመረበት ወደ 5 ዓመት ይረዝማል። ዋስፕ በሚል ምህጻር የሚታወቀው የዋለንበርግ ፕሮግራም በዚያው አገር በአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ዘርፍ ብዙ የዶክትሬት ቦታ ይከፍላል።

በጀርመን ማስታወቂያው ላይ «ቴፋው ኤል 13» የሚል የደመወዝ እርከን ታያላችሁ። ከጎኑ ያለችውን መቶኛ አትዝለሏት። 65 በመቶ የሚል ውልና 100 በመቶ የሚል ውል የሥራው መጠን በተግባር ተመሳሳይ ሆኖ ደመወዛቸው ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። በኮምፒውተር ሳይንስ 100 በመቶ የተለመደ ነው፤ በማኅበራዊ ሳይንስ ክፍል ውስጥ ያለ የዳታ ቦታ ግን 65 ሊሆን ይችላል። ከውሉ ጋር የጤናና የጡረታ መድን አብሮ ይመጣል። በስቲፔንድ (ያለ ቅጥር ውል በሚሰጥ አበል) የሚከፈል ተማሪ ይህ የለውም፤ መድኑን ራሱ ይገዛል።

ማሪ ስክሎዶቭስካ ኩሪ በሚል ስም የሚጠሩት የአውሮፓ ኅብረት የዶክትሬት ኔትወርኮች ለማንኛውም ዜጋ ክፍት ናቸው። ሰው የሚወድቅባቸው በአንዲት ሕግ ነው፦ ከቅጥሩ ቀን በፊት ባሉት 36 ወራት ውስጥ በተቀባዩ አገር ከ12 ወር በላይ ኖሮ ወይም ሠርቶ መሆን የለበትም። አንድ ሰው በጀርመን የ2 ዓመት ማስተርስ እንደጨረሰ በዚያው በጀርመን ላለ ቦታ ቢያመለክት ነጥቡ ምንም ያህል ቢሆን አይቀጠርም። ለቤልጅግ ወይም ለስፔን ቦታ ግን ይቀጠራል። አበሉንም በጥንቃቄ አንብቡ፦ በ2023 እና 2024 ጥሪዎች የተቀመጠው ወርሃዊ 3,400 ዩሮ የኑሮና 600 ዩሮ የመዘዋወሪያ አበል የአሠሪውን መዋጮና ግብርን የጨመረ ነው፤ የኑሮው አበል በየአገሩ የኑሮ ውድነት ማስተካከያም ይባዛል። እጅ ላይ የሚደርሰው ከዚያ ያነሰ ነው። ማስታወቂያዎቹ ዩራክሰስ በሚባለው ድረ ገጽ ላይ ይወጣሉ።

ኤሊስ የሚባለው የአውሮፓ የማሽን ለርኒንግ ኔትወርክ በዓመት አንዴ በአንድ ፖርታል ማመልከቻ ይቀበላል። ተማሪው በሁለት አገር ሁለት አማካሪ ይኖሩታል፤ በአካዳሚክ ዘርፉ ቢያንስ 6 ወር ከሁለተኛው ጋር ያሳልፋል። በአንድ ማመልከቻ ብዙ አማካሪ ጋር ለመድረስ ከዚህ የቀለለ መንገድ የለም፤ ፉክክሩ ግን እንደዚያው ነው።

በብሪታንያ በመንግሥት የምርምር ምክር ቤቶች የሚከፈለው ዝቅተኛ አበል ለ2025/26 የትምህርት ዘመን 20,780 ፓውንድ ሲሆን ግብር አይከፈልበትም። በዳታ ሳይንስና በአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ያለው ትልቁ መግቢያ በር የዶክትሬት ማሠልጠኛ ማዕከላት የሚባሉት ናቸው፤ ተማሪ በቡድን ይቀበላሉ፣ ባብዛኛው 4 ዓመት ይከፍላሉ። ከእያንዳንዱ ቡድን እስከ 30 በመቶ ያህል የውጭ አገር ተማሪ መቀበል ይችላሉ። ወጥመዱ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ዩኒቨርሲቲው ራሱ ወይም አንድ ድርጅት የሚከፍለው ስቱደንትሺፕ (የተማሪ የገንዘብ ድጋፍ) «በአገር ውስጥ ተማሪ ተመን ክፍያው ይሸፈናል» ካለ፣ የውጭ አገር ተማሪ ልዩነቱን ከኪሱ ይከፍላል ማለት ነው። የአገር ውስጡ ተመን በዓመት 5,000 ፓውንድ ገደማ ነው። የውጭ ተማሪ ክፍያ 30,000 ቢሆን ልዩነቱ በዓመት 25,000 ፓውንድ ነው፤ ከሙሉው አበል ይበልጣል። በምርምር ምክር ቤቶቹ ገንዘብ የተያዘ ተማሪ ግን ይህን ልዩነት እንዲከፍል አይደረግም። ሁለቱም ማስታወቂያ «ፉሊ ፈንድድ» ይላል።

የቀሩትን በፍጥነት ልለፋቸው። በሳዑዲ ዓረቢያ ካውስት የሚባለው ዩኒቨርሲቲ ለሚቀበለው የዶክትሬት ተማሪ ሁሉ የትምህርት ክፍያ፣ አበል፣ መኖሪያና ሕክምና ይሸፍናል። የጃፓን መንግሥት ሜክስት ስኮላርሺፕ በኤምባሲ በኩል ይመለመላል፤ ፕሮፖዛሉ በጣም ይመዘናል። የቻይና መንግሥት ስኮላርሺፕ ለዶክትሬት በወር 3,500 ዩዋን ይሰጣል፤ የማስተማሪያ ቋንቋው እንግሊዝኛ መሆኑን አስቀድሞ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። በአፍሪካ የሩዋንዳ ዩኒቨርሲቲ የዳታ ሳይንስ የአፍሪካ የልህቀት ማዕከል የዶክትሬት ፕሮግራም አለው። ፓሴት በሚባለው የመንግሥታት ትብብር ሥር ያለው አርሲፍ ደግሞ በአፍሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ለሚማሩ የዶክትሬት ተማሪዎች ይከፍላል፤ ከሚደግፋቸው መስኮች አንዱ የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ነው።

አንድ የድጋፍ ደብዳቤ ላይ ሒሳብ እንሥራ

ይህን ምሳሌ የሠራሁት ለማስረዳት ነው፤ የየትኛውም ዩኒቨርሲቲ አይደለም። ደብዳቤው «የ9 ወር አበል 24,300 ዶላር፣ የትምህርት ክፍያ ሙሉ በሙሉ ተሰርዟል» ይላል። ሲካፈል በወር 2,700 ይመጣል፤ ደስ ይላል። ነገር ግን ዓመት 12 ወር ነው፤ የክረምቱ 3 ወር በደብዳቤው የለም። በ12 ሲካፈል 2,025 ይሆናል። ቀጥሎ «የትምህርት ክፍያ» የሚለው ቃል «የአገልግሎት ክፍያዎችን» አያጠቃልልም፤ በሴሚስተር 900 ዶላር ቢሆን በዓመት 1,800 ይወጣል። ከጤና መድኑ የተማሪው ድርሻ በዓመት 1,200 ነው እንበል። 24,300 ሲቀነስ 3,000፣ ሲካፈል ለ12፤ 1,775 ዶላር በወር። ከዚህ ላይ ግብር አለ። የመጀመሪያው አበል ብዙ ጊዜ የሚገባው ሥራ በጀመራችሁበት ወር መጨረሻ ወይም ከዚያ በኋላ ስለሆነ የቪዛ፣ የአውሮፕላን፣ የቤት መያዣና የመጀመሪያ ወር ወጪ ከኪስ ነው።

ስለዚህ ለክፍሉ የሚጻፉት ጥያቄዎች አጭር ናቸው፦ በክረምት ምን ይከፈላል? ያልተሰረዙ ክፍያዎች ስንት ናቸው? ዋስትናው ስንት ዓመት ነው፣ በምን ሁኔታ ይታደሳል? የመዘዋወሪያ ድጋፍ ወይም የመጀመሪያ ወር ብድር አለ? መልሱን በኢሜይል ያዙት። በቃል የተነገረ የገንዘብ ተስፋ የክፍሉ ኃላፊ ሲቀየር አብሮ ይረሳል።

ለፕሮፌሰር የሚጻፈው ኢሜይል

ገንዘቡ የፕሮፌሰሩ በሆነበት ቦታ ሁሉ ኢሜይሉ ከማመልከቻው ይቀድማል። ምላሽ የማያገኘው ኢሜይል ምን እንደሚመስል ሁላችንም እናውቀዋለን፦

«ክቡር ፕሮፌሰር፣ በታላቁ ዩኒቨርሲቲዎ በማሽን ለርኒንግ፣ በዲፕ ለርኒንግ፣ በቢግ ዳታና በአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ዶክትሬቴን መሥራት እፈልጋለሁ። ሲቪዬን አያይዣለሁ። ስኮላርሺፕ ቢያፈላልጉልኝ ለዘላለም አመሰግናለሁ።»

ችግሩ ትሕትናው አይደለም። ይህ ደብዳቤ የተቀባዩ ስም ቢቀየር ለሌላ 200 ሰው ይሆናል፤ የሚያነበው ሰውም ይህን በመጀመሪያው መስመር ያውቃል። አሁን ይህን ተመልከቱ፦

«ፕሮፌሰር፣ የጎደለ መረጃ ባለባቸው የሆስፒታል መዝገቦች ላይ የሠሩትን የቅርብ ጊዜ ጽሑፍ አንብቤያለሁ። ዘዴው መረጃው የጎደለው በአጋጣሚ እንደሆነ ይወስዳል። በማስተርስ ሥራዬ ያየሁት ግን ምርመራ የሚታዘዘው በጠና ለታመመ ሰው ስለሆነ ምርመራው አለመኖሩ ራሱ ስለ ሕመምተኛው የሚናገረው ነገር እንዳለ ነው። ይህን ግምት ስናነሣ የትንበያው ስሕተት እንዴት እንደሚለወጥ በሲሙሌሽን አሳይቻለሁ፤ ኮዱና ባለ 8 ገጽ ማጠቃለያው ከታች አለ። ለሚቀጥለው የትምህርት ዘመን ገንዘብ ያለው የዶክትሬት ቦታ ይኖርዎት ይሆን?»

አራት ነገር ሠርቷል። ጽሑፉ መነበቡን የሚያሳይ አንድ ዝርዝር አለው፤ የጸሐፊውን ሥራ ከዚያ ጋር ያገናኛል፤ ሊታይ የሚችል ማስረጃ ያስቀምጣል፤ በአዎ ወይም በአይ ሊመለስ በሚችል ጥያቄ ያበቃል። በአንድ ክፍል ውስጥ ላሉ 6 ፕሮፌሰሮች በአንድ ቀን አትላኩ፤ እርስ በርስ ይነጋገራሉ። ከ10 እስከ 14 ቀን መልስ ካልመጣ አንድ ጊዜ ማስታወስ ይበቃል። የአሜሪካ ክፍሎች ብዙዎቹ በኮሚቴ ስለሚቀበሉ «በቀጥታ አመልክቱ» የሚል መልስ እምቢታ አይደለም።

ወረቀቶቹ የት ይበላሻሉ

ከሁሉ በላይ አመልካች የሚጥለው የምስክርነት ደብዳቤ ነው። ሦስት ይጠየቃል። «በክፍሌ ጎበዝ ነበረ፣ ኤ አግኝቷል» የሚል ደብዳቤ ትራንስክሪፕቱ ያለውን ከመድገም በቀር የሚጨምረው የለም። ቢያንስ አንዱ ጸሐፊ በምርምር ያያችሁ ሰው ይሁን። ከ6 ሳምንት በፊት ጠይቁ፤ ሲስማሙ አንድ ገጽ ማስታወሻ ስጧቸው፦ አብራችሁ የሠራችሁት ፕሮጀክት፣ የተፈጠረው ችግር፣ እናንተ የፈታችሁት ክፍል፣ የየዩኒቨርሲቲው ማብቂያ ቀን። አንዳንድ ፖርታል ከተቋም አድራሻ ውጭ ያለ የግል ኢሜይል አይቀበልም፤ የሚልከው ማገናኛም ስፓም ውስጥ ይገባል። ማብቂያው 10 ቀን ሲቀረው ፖርታሉን ከፍቶ ደብዳቤው መድረሱን ማየት የአመልካቹ ሥራ ነው።

የእንግሊዝኛ ፈተና ውጤት 2 ዓመት ነው የሚያገለግለው። ጂአርኢ የሚባለውን የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ብዙ ፕሮግራሞች ትተውታል፤ «አማራጭ» ከተባለና የሒሳብ ውጤታችሁ ከፍተኛ ከሆነ መላክ ይጠቅማል፣ ካልሆነ ገንዘባችሁን ቆጥቡ። የማመልከቻ ክፍያ ማስቀረት ይቻላል፤ ግን ጥያቄው የራሱ ማብቂያ ቀን አለው፣ ከዋናው ቀድሞ ያልፋል። ስማችሁ በፓስፖርቱ፣ በትራንስክሪፕቱና በፈተናው ውጤት ላይ በአንድ ፊደል አጻጻፍና በአንድ ቅደም ተከተል መሆኑን አረጋግጡ። ሦስቱ ካልተመሳሰሉ ፋይሉ ተበታትኖ «ያልተሟላ» ተብሎ ይቀራል፤ ይህንንም ማንም ደውሎ አይነግራችሁም።

ፕሮፖዛል በሚጠየቅበት ቦታ የተለመደው ስሕተት ስፋት ነው። «በአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ግብርናን ማሻሻል» ርዕስ እንጂ ጥያቄ አይደለም። ገምጋሚው የሚፈልገው፦ አንድ ጥያቄ፣ ልታገኙት የምትችሉት መረጃ፣ የምታወዳድሩበት ቀላል ዘዴ፣ እና ሐሳቡ አለመሥራቱን በምን እንደምታውቁ። የመጨረሻውን የሚጽፍ አመልካች በጣም ጥቂት ነው፤ ከሌላው ሁሉ ይልቅ ተመራማሪነትን የሚያሳየው ግን እሱ ነው።

ቀኖቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ብናይ፣ ከኦገስት እስከ ሴፕቴምበር ዝርዝር ማውጣትና ምስክሮችን መጠየቅ፣ ሴፕቴምበርና ኦክቶበር ኢሜይል፣ እስከ ኖቬምበር ፈተና። የአሜሪካ ማብቂያ አብዛኛው ከዲሴምበር 1 እስከ 15 ነው፤ የብሪታንያው ከዲሴምበር እስከ ጃንዋሪ ይበዛል። ኅዳር ላይ የነቃ ሰው አመቱ አልተቃጠለበትም፤ የሰሜንና የምዕራብ አውሮፓን የሥራ ማስታወቂያ ዓመቱን ሙሉ መከታተል ይችላል።

መረጃው አለ ወይ?

በዚህ መስክ ብቻ የሚጠየቅ፣ አመልካቾች ግን የማይጠይቁት ጥያቄ ይህ ነው። የዳታ ሳይንስ ዶክትሬት ብዙ ጊዜ የሚቆመው በሌላ አካል መረጃ ላይ ነው፦ የሆስፒታል መዝገብ፣ የባንክ ግብይት፣ የስልክ ኩባንያ የጥሪ መረጃ። ማስታወቂያው «ከአጋር ሆስፒታል የሚገኝ መረጃ» ሲል የመረጃ አጠቃቀሙ ስምምነት ተፈርሟል ወይስ ሊፈረም ነው? የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ ወጥቷል? የሕግ ክፍሎች ሲጻጻፉ አንድ ዓመት ማለፍ ብርቅ አይደለም፤ የእናንተ የ3 ዓመት ውል ግን እየቆጠረ ነው። በቃለ መጠይቁ ላይ «መረጃው ከዘገየ በመጀመሪያው ዓመት በምን ላይ እሠራለሁ?» ብሎ መጠየቅ ያስከብራል።

ከፋዩ ኩባንያ ከሆነ ሦስት ነገር ጨምሩ። ጽሑፍ ከመታተሙ በፊት ኩባንያው ስንት ቀን ይመረምረዋል? 30 ወይም 60 ቀን የተለመደ ነው፤ ገደብ የሌለው ግን አደገኛ ነው። ኮዱና ሞዴሉ የማን ነው? ኩባንያው ቢከስር ወይም ሐሳቡን ቢቀይር ዩኒቨርሲቲው ውሉን ይሸከማል? የስሌት አቅምንም ጠይቁ፦ ቡድኑ የራሱ ጂፒዩ (ሞዴል ለማሠልጠን የሚያገለግል ፈጣን ማስሊያ) አለው ወይስ በጋራ ክላስተር (ብዙ ሰው በሚጋራው የኮምፒውተሮች ስብስብ) ወረፋ ይይዛል? ትልልቅ የቋንቋ ሞዴሎች ላይ ሊሠራ አስቦ ለአንድ ሙከራ አራት ቀን ወረፋ የሚጠብቅ ተማሪ ርዕሱን ቢያንስ በግማሽ ማጥበብ ይኖርበታል።

ደብዳቤው ከመጣ በኋላ

በአሜሪካ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤቶች ምክር ቤት ስምምነትን የፈረሙ ዩኒቨርሲቲዎች የገንዘብ ድጋፍ ላለው ጥሪ ከኤፕሪል 15 በፊት መልስ እንድትሰጡ ሊያስገድዱ አይችሉም። «በ5 ቀን መልሱ» የሚል ጫና ከመጣ ይህንኑ ስምምነት በትሕትና መጥቀስ ይቻላል። የአውሮፓ ቅጥር ግን በዚህ አይታሰርም፤ አንድ ወይም ሁለት ሳምንት ብቻ ሊሰጣችሁ ይችላል። ለአንድ ዓመት ማዘግየትም እንደ ገንዘቡ ባለቤት ይለያያል። የክፍሉ ገንዘብ ከሆነ አንዳንዴ ይቆይላችኋል፤ በፕሮጀክት ገንዘብ የተከፈተ ቦታ ግን ፕሮጀክቱ ስለማይጠብቅ ለሌላ ሰው ይተላለፋል።

ከመፈረማችሁ በፊት በዚያው አማካሪ ሥር ካለ ሁለት ተማሪና ከተመረቀ አንድ ሰው ጋር ተነጋገሩ፤ በጽሑፍ ሳይሆን በቪዲዮ ወይም በስልክ። «ጥሩ አማካሪ ነው ወይ?» ብሎ መጠየቅ ጥሩ መልስ አያስገኝም፤ ሁሉም አዎ ይላል። ይልቅ እንዲህ ብላችሁ ጠይቁ፦ ከአማካሪው ጋር የምትገናኙት በየስንት ጊዜው ነው? በሁለተኛው ዓመት ገንዘባችሁ ከየት ነበር፣ በአራተኛውስ? አብራችሁ ከጀመራችሁት ውስጥ ሳይጨርስ የሄደ አለ? ዋስትናው 3 ዓመት ሆኖ ተማሪዎቹ በአማካይ በአራተኛው ዓመት የሚጨርሱ ከሆነ፣ ያቺ የመጨረሻ ዓመት በማን ገንዘብ እንዳለፈች የሚነግራችሁ የተመረቀው ሰው ነው።